ክራርን ከቫዮሊን ጎን ያስቀመጡት መምህር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚያመራው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ ካለፈ በኋላ ወደ ቆላ ይወርዳል። ደብረ ሲናን ተሰናብቶ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብሎ ጀውሃን፣ ቀጥሎም ሰንበቴንና አጣዬን እያቋረጠ ወደ ወሎ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ማሾ፣ ሽንኩርትና ማሽላ ይጓዛል፤ ዜማም አብሮ ይጓዛል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት የይፋት ቆላ ከደጋው የወረደውንም ከበረሃው የወጣውንም ዜማ ሲሰማ የኖረ ምድር ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች መካከል ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የሚጋሩት በዚሁ አቅጣጫ ወደፊት ከሚገኙ የወሎ ቦታዎች ጋር ነው።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። የገበሬ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ወደ እርሻ ይወርዳል፤ የከተማውም ልጅ የዕረፍት ጊዜውን የሚያሳልፍበትን ይፈልጋል። ዛሬ ዛሬ በክረምት ወራት ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ጊታር ወይም ቫዮሊን መማር ለብዙ ወጣት እንግዳ ነገር አይደለም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ አምስት መስመር አስምሮ ኖታ ይጽፋል፤ ተማሪውም ክራሩን ታቅፎ ይከተለዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ክራርና ማሲንቆ ከጠጅ ቤት ደጃፍ ተነስተው ወደ መማሪያ ክፍል እስኪገቡ ድረስ ብዙ ሰው ደክሟል። ከእነዚህ ባለውለታዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ከሚነሱት አንዱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

አሸናፊ ከበደ ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ። ዘመኑ ክፉ ነበር። ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር ወድቃ፣ አርበኞች በየዱር ገደሉ የሚፋለሙበት ጊዜ ነው። አዝማሪው በማሲንቆው አርበኛውን እያጀገነ፣ ባንዳውን እያሳፈረ ይዘፍን ስለነበር የወራሪው ዓይን በአዝማሪዎች ላይም ከፍቶ ነበር። አንዲት የፈረስ ጭራ የተወጠረችበት የእንጨት መሣሪያ ጠመንጃ የታጠቀውን ጦር ማስደንገጧ የሙዚቃን ኃይል ይመሰክራል። ኋላ አዝማሪን የጥናታቸው ማዕከል ያደረጉት ሰው ዓይናቸውን በዓለም ላይ የገለጡት በዚህ ጊዜ ነበር።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ አዲስ አበባ ብዙ ዓይነት ድምፅ የሚሰማባት ከተማ ኾነች። በአብያተ ክርስቲያናት ካህናቱ በጸናጽል፣ በከበሮና በመቋሚያ ቅዱስ ያሬድ የደረሰውን ዜማ ያሰማሉ። በጠጅ ቤቱ አዝማሪው በማሲንቆው ያወድሳል፣ ይነቅፋል፣ ቅኔ ይዘርፋል። በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ክራርንና ማሲንቆን ወደ መድረክ አውጥቷል። በሌላ በኩል ከኢየሩሳሌም በመጡት አርባ የአርመን ልጆችና በመምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተጀመረው የማርሽ ባንድ ሙዚቃ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሥር ሰድዷል። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቴአትር ቤትና በየትምህርት ቤቱ የዘመናዊ ሙዚቃን ትምህርት አስፋፍተዋል።

እነዚህ ድምፆች በአንድ ከተማ ቢኖሩም በአንድ ጣሪያ ሥር አልነበሩም። የነሐስ መለከቱ ኖታ ነበረው፤ ክራሩ ግን አልነበረውም። የማርሽ ባንዱ ተማሪ ከመምህሩ የተጻፈ ትምህርት ይቀበል ነበር፤ የማሲንቆው ልጅ ግን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ በዓይኑ እያየ፣ በጆሮው እየሰማ ነው የሚማረው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የክብር ጉዳይ ነበር። ኅብረተሰቡ አዝማሪን በሰርጉና በድግሱ ይፈልገዋል፤ ልጄ አዝማሪ ይኹን የሚል ወላጅ ግን በቀላሉ አይገኝም። በገና የመኳንንትና የጾም ወራት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ክራር ከመጠጥና ከፍቅር ዘፈን ጋር ተቆራኝቶ በአንዳንዱ ዘንድ እንደ ሰይጣን መሣሪያ ይታይ ነበር። ወጣቱ አሸናፊ ሙዚቃን ሙያዬ ብለው የተነሱት ይህ አመለካከት ባልተለወጠበት ዘመን ነው።

የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ወሰዳቸው። በኒው ዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ የሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በኮዳክ ካሜራ ባለቤት በጆርጅ ኢስትማን የተቋቋመ፣ በሀገሪቱ ስመ ጥር ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚህ ተቋም የአውሮፓን የሙዚቃ ቀመር፣ የድርሰትን ጥበብና የኦርኬስትራን አሠራር ተምረው በ1954 ዓ.ም ተመረቁ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 24 ዓመት ብቻ ነበር።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሥራ ትልቅ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኾኑ። ትምህርት ቤቱ ከጊዜ በኋላ ዛሬ በሚታወቅበት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ በቅዱስ ያሬድ ስም ተጠራ። የቡልጋሪያ መንግሥትም በሕንፃ ግንባታና በመምህራን ድጋፍ አድርጓል። ከቡልጋሪያ የመጡት መምህራን ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን የምዕራቡን ዓለም መሣሪያዎች አስተማሩ።

አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቀላሉ መንገድ የውጭውን ሥርዓተ ትምህርት እንዳለ መገልበጥ ነው። ፒያኖና ቫዮሊን የተዘጋጀ መጽሐፍ፣ የተመደበ ደረጃ፣ የታወቀ ፈተና አላቸው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት ይህ ሁሉ አልነበራቸውም። ያሬድ ትምህርት ቤት ግን የኢትዮጵያ መሣሪያዎችን ከምዕራቡ መሣሪያዎች ጋር በአንድ ግቢ አስቀመጠ። ፒያኖ የሚማረው ልጅ የሀገሩን መሣሪያ እንዲነካ፣ ክራር የሚማረውም ኖታ እንዲያነብ መንገዱ ተከፈተ። በዚያው ዘመን ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁመው የልዩ ልዩ አካባቢ ባህላዊ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ያሰለፉ በመኾናቸው፣ ወቅቱ የባህል ሙዚቃ አዲስ ዓይን ያገኘበት ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህን ውሳኔ ክብደት ለመረዳት መሣሪያዎቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቫዮሊን አራት አውታሮች አሉት፤ ተማሪው አውታሩን በጣቱ ወደ መሣሪያው አንገት ተጭኖ ድምፁን ይለውጣል። ማሲንቆ ግን ያለው አንድ አውታር ነው። እርሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ሲኾን የተጫዋቹ ጣት አውታሩን ነካ ያደርገዋል እንጂ እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ስለዚህ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል፣ ይርገበገባል። ቫዮሊን አሳምሮ የሚጫወት ሰው ማሲንቆ ሲይዝ እንደገና ጀማሪ ይኾናል፤ ማሲንቆ የሚያውቀውም እንዲሁ።

ክራር ደግሞ አምስት ወይም ስድስት አውታሮች አሉት። ከመጫወት በፊት መቃኘት ይቀድማል። አውታሮቹ በትዝታ ከተቃኙ ትዝታን፣ በባቲ ከተቃኙ ባቲን ያሰማሉ። ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ተጫዋቹ እንደገና አውታሮቹን ማጥበቅና ማላላት ይኖርበታል። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፅ የተዋቀረ ነው፤ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። በገና አሥር አውታሮች ሲኖሩት፣ ያ ልብ የሚነካ ንዝረቱ የሚመጣው በአውታሮቹና አውታሮቹ ባረፉበት ድልድይ መካከል ከሚገቡ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። ይህን ሁሉ ዕውቀት የያዙት አባቶች በቃላቸውና በጣታቸው ነበር። አንድ አዋቂ ተማሪ ሳይተካ ሲሞት አብሮት የሚቀበረው ዜማ ብዙ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማቋቋም ማለት ይህን መቃብር መዝጋት ማለት ነበር።

አሸናፊ አስተዳዳሪ ብቻ አልነበሩም፤ ደራሲም ነበሩ። በ1950ዎቹ በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድ፣ ኑዛዜ ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው መጽሐፋቸው፣ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው ቀደምት ልብ ወለዶች አንዱ ነው። በሙዚቃ ድርሰት በኩል ደግሞ ስማቸውን ከሀገር ውጭ ያስጠሩት ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሰላም ለኢትዮጵያ፣ ሌላው እረኛው ባለዋሽንት። እ.ኤ.አ. በ1967 እነዚህን ሥራዎች በሃንጋሪ የመንግሥት ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ አቀረቡ። ኢትዮጵያዊ እረኛ በመስክ የሚነፋው ዋሽንት በአውሮፓ መሐል፣ በቫዮሊንና በቼሎ ታጅቦ ተሰማ።

በሃንጋሪ ጥቁሩ ኮዳይ የሚል ቅጽል የተሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። ዞልታን ኮዳይ ከባልደረባቸው ከቤላ ባርቶክ ጋር በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን የሰበሰቡ፣ ያንንም ዘፈን የልጆች የሙዚቃ ትምህርት መሠረት ያደረጉ ታላቅ ሰው ናቸው። ልጅ ሙዚቃን መማር ያለበት በአፍ መፍቻ ዜማው ነው የሚለው ሐሳባቸው በብዙ ሀገራት ተቀባይነት አግኝቷል። የሃንጋሪ ሰዎች በኢትዮጵያዊው ወጣት ሥራ ውስጥ ያዩት ይህንኑ መንፈስ ነው። የእረኛው ዋሽንት ወደ ኦርኬስትራ ሲገባ ኦርኬስትራው እረኛውን ሊሰማ ተቀመጠ እንጂ እረኛው ማንነቱን አልለወጠም።

በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ አሸናፊ እንደገና ወደ ትምህርት ገበታ ተመለሱ። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት የሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የተለያዩ ሕዝቦችን ሙዚቃ ከራሳቸው ከባለቤቶቹ በመማር የታወቀ ተቋም ነበር። በዚያ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የመመረቂያ ጥናታቸውም ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ስለ ባህላዊ መሠረቱ የሚያትት ነበር።

በዚህ ዘመን የደረሱት አንድ ሥራ የአስተሳሰባቸውን ስፋት በግልጽ ያሳያል። ኮቱሬዥያ የተሰኘው ድርሰታቸው ለዋሽንት መሰሉ ፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለተባለው የጃፓን ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያና የጃፓን ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ላይ በመመሥረታቸው ይመሳሰላሉ። አሸናፊ በዚህ ዝምድና ላይ ተመሥርተው አፍሪካን፣ እስያንና አውሮፓን በአንድ ድርሰት አገናኙ። ከባቲ ቅኝት ጋር ያደገ ጆሮ የኮቶን ዜማ ሲሰማ የሩቅ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

ጥናቶቻቸው ደግሞ የተናቀውን ባለሙያ ቀና አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ኢትዮጵያዊው አዝማሪ፣ በ1977 ደግሞ ስለ ክራር በዓለም አቀፍ የሙዚቃ መጽሔቶች ላይ ጽፈዋል። በመጀመሪያው ጽሑፍ አዝማሪን ባለቅኔም ሙዚቀኛም አድርገው ለዓለም አስተዋወቁት። በሁለተኛው ደግሞ በሀገር ቤት የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ሲወገዝ የኖረውን ክራር አሠራሩን፣ አጨዋወቱንና የማኅበራዊ ሕይወት ታሪኩን መረመሩ። ክራርን የነቀፈው ስም በጽሑፉ ርዕስ ውስጥ እንዲገባ ማድረጋቸው ነቀፋውን ራሱን ለጥናት አደባባይ ማውጣታቸው ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዜማና ስለ ዘመናዊው ሙዚቃ አካሄድም ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመናቸው በአብዛኛው ያለፈው በአሜሪካ ነው። በኒው ዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በማሳቹሴትስ በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገልግለዋል። በፍሎሪዳ የአፍሪካ አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚመረምረው መጽሐፋቸው የአፍሪካን ዘፈን፣ የሙዚቃ መሣሪያና ውዝዋዜ ከጥቁር አሜሪካውያን ቅርስ ጋር አስተሳስሮ የሚያስተምር ነው። በአዲስ አበባ የጀመሩትን የአንድ ሀገር ሥራ በዚያ ወደ አህጉር፣ ከአህጉርም ወደ መላው የጥቁር ሕዝብ አሰፉት።

ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ሰው በዕውቀት በበሰሉበት ዕድሜያቸው ከትምህርት ቤታቸው ርቀው ኖሩ። ለኢትዮጵያ ክራርና ማሲንቆ የጻፏቸው ጥናቶች በእንግሊዝኛ፣ በውጭ ሀገር መጽሔቶች ላይ በመውጣታቸው ባለቤቱ አዝማሪ አላነበባቸውም። የክራሩ ልጅ ስለ ክራሩ የተጻፈውን ለማንበብ የሌላ ሀገር ቋንቋ ያስፈልገዋል። ይህ ዕዳ ዛሬም ድረስ ያልተከፈለ ነው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ 60ኛ ዓመት የልደት በዓላቸው በዋለ ማግስት፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የመሠረቱት ተቋም ግን አልሞተም። መንገዱ ሁልጊዜ ቀና አልነበረም። ታዋቂው የበገና ሊቅ ዓለሙ አጋ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በያሬድ በገናን ያስተምሩ ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን ከሃይማኖት ጋር የተሳሰረው የበገና ትምህርት ተቋረጠ። አንድ መሣሪያ ከትምህርት ገበታ ሲወጣ ምን ያህል በፍጥነት ወደ መረሳት እንደሚሄድ ያ ጊዜ አሳይቷል። ደግነቱ አዋቂዎቹ በሕይወት ነበሩና በገና እንደገና አንሰራራ፤ ዛሬ ብዙ ወጣት የሚማረው መሣሪያ ለመኾን በቅቷል። ያሬድም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ኾኖ ማስተማሩን ቀጥሏል።

ከዚህ ግቢ ከወጡት መካከል የፒያኖው ባለሙያ ግርማ ይፍራሸዋ ለዚህ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በልጅነታቸው የያዙት መሣሪያ ክራር ነበር። በያሬድ ከፒያኖ ጋር ተዋወቁ፤ ከዚያም ወደ ቡልጋሪያ ሶፊያ ተጉዘው ተማሩ። ዛሬ በፒያኖ የሚያሰሟቸው ድርሰቶች የኢትዮጵያን ቅኝት የያዙ ናቸው። ከክራር የጀመረ ጣት ፒያኖ ላይ ሲደርስ ክራሩን አልረሳም። የአሸናፊ ከበደ ምኞት ፍሬው ይህን ይመስላል።

ይህ ታሪክ ለጀውሃ፣ ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ወጣት ምን ይነግረዋል? ሐምሌና ነሐሴ ሁለት ወር ናቸው። በሁለት ወር ማንም ሊቅ አይኾንም። ይሁን እንጂ በሁለት ወር አንድ ወጣት ክራሩን በራሱ ጆሮ መቃኘት፣ የቀኝ እጁን ከግራው ማስማማት፣ ትዝታን ከባቲ መለየትና ቀላል ኖታ ማንበብ ሊጀምር ይችላል። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ክራሩ ግን ከቤት አይወጣም። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ የሚለማመድ ልጅ በቀጣዩ ክረምት ከጀመረበት ሳይኾን ካቆመበት ይነሳል።

ሁለተኛው ነገር መምህሩን የሚመለከት ነው። ይፋት ሰርግ ሲኾን ማሲንቆ የሚመታ፣ በየመንደሩ ዜማ የሚያወርድ ሰው አላጣም። የክረምት ሥልጠና አዘጋጆች ኖታ የሚያውቀውን ወጣት መምህር ከእነዚህ የአካባቢ አዋቂዎች ጋር ቢያስተባብሩ፣ የአሸናፊን መንገድ በትንሹ ደገሙት ማለት ነው። ኖታው ዜማውን ያቆየዋል፤ አዋቂው ደግሞ ኖታ የማይዘውን መንሸራተትና ርግብግቢት ለተማሪው ጆሮ ያወርሳል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር የክብር ጉዳይ ነው። አሸናፊ ከበደ በኢስትማን የተማሩትን ይዘው ሲመለሱ ክራርን የድሆች፣ ቫዮሊንን የሠለጠኑ ሰዎች ብለው አልለዩም። ሁለቱንም በአንድ ክፍል አስቀመጡ። ልጁ ክራር ልማር ሲለው ፊቱን የሚያጠቁር ወላጅ ዛሬም አይጠፋም። ለእርሱ የሚሰጠው መልስ የዚህ ሰው ሕይወት ነው፤ የሀገሩን አውታር አክብሮ የያዘ ኢትዮጵያዊ በሮቼስተር ተምሯል፣ በሃንጋሪ ኦርኬስትራ መርቷል፣ በፍሎሪዳ ወንበር ይዞ አስተምሯል። በየደረሰበት ያስከበረውም ያው ከሀገሩ ይዞት የወጣው ዜማ ነው።